የካሣነሽ ቤት የየት ሰፈር ነው?

አርብ ገበያ በምትባል አገር የሰፈር ስም እንደ ቁንጫ ይዘላል። ቆርቆሮ ሰፈር በፊት ጅብ ሜዳ ነበር። ከጅቡ ብዛት የተነሳ ሰው ለሰላምታ እጁን ሲዘረጋ ጅብ ይጨብጠው ነበር። ኋላ ነጋዴው ጁሃር አንድ የቆርቆሮ ቤት ሠራና ሜዳው ቆርቆሮ ሰፈር ተባለ። ሃምሳው የሳር ቤት ሳይጠየቅ በአንድ ጣራ ስም ተጠራ።

ስም ሲዘል ወሰንም ይዘላል። ከላይ ያለው ሚካኤል ሰፈር ሬሳውን በሚካኤል ይቀብራል፤ ቆርቆሮ ሰፈር በጊዮርጊስ። በመካከላቸው አንድ የወይራ ችካል ተተክሏል። ከችካሉ በላይ ያለው የመጀመሪያው ቤት የእትዬ ካሣነሽ ነው።

ካሣነሽ ባሏ የሞተባት አሮጊት ናት። ባሏ ይርጋ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ቤቱ ውስጥ ሲቆጣ እዚያ ማዶ ወገዳ ላይ የሚያርሱ በሬዎች ይቆሙ ነበር። ሚካኤል ተቀብሯል፤ ከጎኑም ለእሷ ቦታ ተጠብቆላታል።

ታዲያ ክረምት ገብቶ መሬቱ በራሰ ቁጥር ችካሉ ከቤቷ በላይ ተተክሎ ይገኛል። ቤቷ ወደ ቆርቆሮ ሰፈር፣ መቃብሯም ወደ ጊዮርጊስ ይዞራል። ሽማግሌ ይሰበሰባል፤ ችካሉ ይመለሳል። በዓመቱ ደግሞ እንደገና።

ተጠርጣሪ ፍለጋ ማንም አልደከመም። የቆርቆሮ ሰፈሩ ጭቃ ሹም ደምሌ ለምስለኔው አጥር ሥራ ከየቤቱ ሰው ማውጣት አለበት። አንድ ቤት ቢጨመርለት አይጠላም።

«አንተ ወሰን ገፊ!» አለው የሚካኤል ሰፈሩ ሽማግሌ ንጉሴ። «አሮጊቷን ከባሏ ለይተህ ምን ልታተርፍ ነው?»

«እኔ? ነክቼው እንደሆን እጄ ይቆረጥ!»

«እጅህማ አምናም ካቻምናም ተቆርጧል! ስንት እጅ ነው ያለህ?»

ሰባት ክረምት እንዲህ ተባባሉ። ካሣነሽ በየሸንጎው ነጠላዋን ተከናንባ ጥግ ትቀመጣለች።

«ይርገሙት እንጂ፣ እትዬ!» አላት ንጉሴ።

«ኧረ ተው፣ ሰው አልረግምም። ደክሞኛል፣ ልጆቼ። በቃ ታች ይሁንልኝ። ጊዮርጊስስ ቅዱስ አይደል?»

ሽማግሌዎቹ አለቀሱ። እንባቸው ጎርፍ ሆኖ የተጫነ አህያ ሊወስድ ምንም አልቀረው።

«ይችን የዋህ ተስፋ አስቆረጥናት!» አለ ንጉሴ። «እኛ ቆመን ከባሏ አትለይም!»

በሰባተኛው ዓመት አባ ወልደ ሩፋኤል መስቀላቸውን ይዘው መጡ። ችካሉ ተጣለ። በምትኩ ሃያ ጎረምሳ እያቃሰተ የተሸከመው ድንጋይ ከካሣነሽ ቤት በታች ግማሹ ድረስ ተቀበረ።

«ይህን ድንጋይ ያነቃነቀ እንደ አርዮስ የተለየ ይሁን!» አሉ አባ።

ሕዝቡ «አሜን» አለ። ከሁሉ አብልጦ የጮኸው ደምሌ ነበር። ንጉሴ «ዓይን አውጣ!» ብሎ ምራቁን እንትፍ አለ።

ከዚያ ካሣነሽን ክንዷን ደግፎ ቤቷ አደረሳት። «እንግዲህ ከጋሼ ይርጋ ጎን የሚነቀንቅዎ የለም!» ብሏት ሄደ።

የጁሃር ሚስት መርየም ከታች ቤት መጣች። «እንኳን ደስ ያለዎ፣ እትዬ» አለቻት።

ካሣነሽ መደቡ ላይ ዘፍ አለች።

«ሰባት ክረምት ጭቃ ላይ ተንበርክኬ ያን ችካል የነቀልኩት» አለች፣ «ከዚያ ሰውዬ ጎን ዳግም እንዳልተኛ ነበር።»