የኦፓል ገመዶች

ኦፓል የካቲት ላይ ሞተች። ባሏ ሽማግሌው ሊላንድ ቀብሯ ላይ አላለቀሱም፤ ከዚያም ወዲህ ሲያለቅሱ ያያቸው የለም። ሐዘን አንዳንዱን ያስጮኸዋል፣ አንዳንዱን ያደነዝዘዋል ብለን እኛ ጎረቤቶቻቸው ተውናቸው።

ቤቱን ግን እንደነበረ አቆዩት። ኦፓል ያስቀመጠችው ወንበር ንቅንቅ አላለም። መጥረጊያዋም፣ ስኒዋም፣ ከበሩ አጠገብ ያለው በርሜልም ያው ባሉበት ናቸው። ልጃቸው ጆሊን ቅዳሜ ቅዳሜ ከሳን አንቶኒዮ ስትመጣ ጠረጴዛውን ገፋ ካደረገች ያዙኝ ልቀቁኝ ይላሉ።

"የእናትሽን ዕቃ አትንኪብኝ ብያለሁ!"

"እሺ አባዬ፣ ሙዚየም ይሁንልህ።"

መኪናቸውን "የት ልሄድባት?" ብለው ለጎረቤት ሰጡ። የሚመጣላቸው ፖስታም ሳይከፈት ተከምሮ ጆሊንን ይጠብቃል።

የቀሯቸው የሌሊት ወፎቹ ናቸው። ባልና ሚስቱ ሠላሳ ዓመት ሙሉ በአቅራቢያው ካለው ድልድይ ሥር የወደቁ ግልገሎችን አሳድገው ሲለቁ ኖረዋል። ዘንድሮ ያለችው አንዲት ብቻ ናት፤ ስሟን ፔካን አሏት። ስትመጣ ገና ፀጉር አላበቀለችም፣ አውራ ጣት ብታክል ነው።

ሽማግሌው የሌሊት ወፍን ድምፅ ለሰው ጆሮ የሚያሰማውን ትንሽ መሣሪያ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ሲያዳምጧት ይውላሉ። በመጀመሪያው ሳምንት ጩኸቷ ረጅምና ወፍራም ነበር፤ እናቷን ነው የምትጠራው። ከዚያ እያጠረ፣ እየቀጠነ መጣ። በአምስተኛው ሳምንት ጣ፣ ጣ፣ ጣ ማለት ጀመረች። ድምፅዋ ግድግዳ ነክቶ ሲመለስ ማዳመጥ እየተማረች ነው ማለት ነው።

ሰኔ ላይ ደብዳቤ መጣ። ጆሊን ከፍታ አነበበችው። የሌሊት ወፍ ለማሳደግ ፈቃድ የሚሰጠው መሥሪያ ቤት፣ ሽማግሌው ያለ ሚስታቸው ሥራውን ይችሉት እንደሆነ የሚያይ ሰው ሊልክ ነው።

"ፈቃዱን ከነጠቁህ ወዲያው ሳን አንቶኒዮ እኔ ዘንድ ትገባለህ" አለች። "አራተኛ ፎቅ ነው። ሊፍት አለው።"

"ከዚህ ቤት የምወጣው በሬሳ ሣጥን ነው።"

"ሸሚዝህን ገልብጠህ ለብሰሃል አባዬ።"

"ማን ሊያየኝ?"

የመጣችው ወይዘሪት ኦቾዋ የምትባል ቆፍጣና ሴት ናት። ገና ከበሩ ላይ እጇን ዘረጋች። ሽማግሌው እጃቸውን ከኪሳቸው አላወጡም። ጆሊን በኀፍረት ተሸማቀቀች።

"እናቴ ከሞተች ወዲህ እንዲህ ሆኗል፤ አትቀየሚው" አለቻት ቀስ ብላ።

ግልገል ለመለቀቅ መድረሱ የሚታይበት ፈተና ከቤቱ ጀርባ ባለው መጋዘን ውስጥ ነው። መስኮቶቹ በጥቁር መጋረጃ ይሸፈናሉ። ከጣሪያው ሃያ ገመድ ተንጠልጥሏል፤ በየገመዱ ጫፍ፣ ሰው ደረት ላይ በሚደርስ ቁመት፣ ትንሽ ቃጭል ታስሯል። ያሰረቻቸው ኦፓል ናት። ግልገሏ በጨለማ በመሐላቸው ትበራለች፤ ከነካች ቃጭሉ ይናገርባታል።

መጋረጃው ተዘጋ። ሽማግሌው በድቅድቁ ጨለማ ገመዶቹን አልፈው ሄደው ፔካንን ከወዲያኛው ጥግ ለቀቋት። ሦስት ጊዜ ዞረች። አንድም ቃጭል አልጮኸም።

ጆሊን አጨበጨበች። ኦቾዋ ግን ነገሩ አልተዋጠላትም።

"እነዚህ ገመዶች ቦታቸው ተቀይሮ ያውቃል?"

"ኦፓል ካሰረቻቸው ወዲህ ማንም ነክቷቸው አያውቅም" አሉ ሽማግሌው።

"እንግዲያው መንገዱን በቃሏ ይዛዋለች። ጆሮዋ ይሥራ አይሥራ በምን አውቃለሁ?"

"ኧረ ባክሽ! ሲያልቅ አያምር አታድርጊው!" አለች ጆሊን።

"ዝም በይ፣ እውነቷን ነው" አሉ አባቷ። "በቃሉ የሚበር አለ። አንድ ነበረን፤ እዚህ ውስጥ ንጉሥ ነበር። የለቀቅነው ዕለት መጀመሪያ ያገኘው ዛፍ ላይ ተፈጠፈጠ። እንዲህ ያለውን ውጭ መልቀቅ ግፍ ነው።"

"ይቺም እንደዚያ ብትሆንስ?"

"ፈቃዴን ይዘሽ ሂጂያ። ደኅናውን ከጎደሎው መለየት ካቃተኝ እዚህ ምን እሠራለሁ?"

ድምፃቸው ውስጥ ቁጣም ፍርሃትም አልነበረም።

ጆሊን ወንበር ላይ እየወጣች ገመዶቹን አንድ በአንድ ፈትታ ሌላ ቦታ አሰረቻቸው። ሽማግሌው ጥግ ላይ ተቀምጠው፣ መሣሪያውን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው፣ ፔካንን ትል ያጎርሷታል። ጆሊን የመጨረሻዎቹን ወደ በሩ በሚወስደው መተላለፊያ ላይ አሰረችና ወንበሩን ወደ ቦታው መለሰች።

መጋረጃው እንደገና ተዘጋ። ሽማግሌው ከተቀመጡበት ሳይነሡ ለቀቋት።

መሣሪያው መጀመሪያ ቀስ ብሎ ጣ፣ ጣ አለ። ፔካን ገመድ ስትቀርብ እንደ ፈንዲሻ ተንጣጣ። እንደገና ረገብ አለ፣ እንደገና ተንጣጣ። አንድ ዙር፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። ቃጭሎቹ ጭጭ አሉ። ፔካን ተመልሳ ሽማግሌው ደረት ላይ ተለጠፈች።

ኦቾዋ መጋረጃዎቹን አንድ ባንድ ገለጠቻቸው። የሰኔ ፀሐይ መጋዘኑን ከጥግ እስከ ጥግ ሞላው።

"አሸንፈውኛል" አለች እየሳቀች፤ በሩ ጋ ቆማ ወረቀቷን አወጣች። "ፈቃዱ ይታደሳል። ይምጡና እዚህ ይፈርሙልኝ።"

ጆሊን ዓይኗን ጠረገች። ሽማግሌው ፔካንን ደረት ኪሳቸው ከተቱና፣ ከየካቲት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ብለው፣ ሠላሳ ዓመት በለመዱት መንገድ ቀጥ ብለው ወደ በሩ ተራመዱ።

በዚያ ሁሉ ብርሃን ውስጥ፣ በስድስተኛው እርምጃቸው ላይ አንድ ቃጭል ጮኸ፤ ቀጥሎ ሌላ፤ ቀጥሎ ሌላ።