የእሁዱ ሾርባ

ልብስ ሰፊው ሚስቱ ከሞተች ዘጠኝ ዓመት ሆነው። ዘመድ አዝማዱ "አግባ እንጂ!" ባለው ቁጥር "መጀመሪያ ልጄን ላሳድግ" እያለ ቆየ። ልጅቱ አሥራ ሰባት ሲሞላት ደፈረና ተናገረ። ሱቁ ውስጥ ቁልፍ የምትተክልለትን ሴትዮ ሊያገባ ነው።

የልጅቱ አንጀት አረረ።

ሴትዮዋ ክፉ ብትሆን ይሻል ነበር፤ መጥላቱ ይቀላል። ግን ክፉ አይደለችም። ሦስት ወር ሙሉ እሁድ እሁድ እየመጣች ታበስላለች፣ ዕቃ ታጥባለች፣ የልጅቱን የተቀደደ ኪስ ሳትጠየቅ ትሰፋለች።

"ኧረ አንቺ በይኝ፣ የኔ እናት" ትላታለች።

"እሺ፣ እርስዎ" ትላለች ልጅቱ። ከዚህ ወዲያ ምን ስድብ አለ!

ልጅቱን የሚያጽናናት አንድ ነገር ብቻ ነበር። አባቷ የሴትዮዋን ምግብ ይቀምሳል፣ "እጅሽ ይባረክ" ይላል፣ ግማሹን ትቶ ይነሳል። በእናቷ ጊዜ እንዲህ ነበር እንዴ? ልጅቱ ያኔ ገና ስምንት ዓመቷ ቢሆንም ትዝ ይላታል። እናቷ ወሬ ትወዳለች። ድስቱን ጥዳ በመስኮት ከጎረቤት ጋር ትስቃለች፣ ትመለሳለች፣ አንድ ነገር ጣል ታደርጋለች፣ ደግሞ ወደ መስኮቱ ትሄዳለች። እንዲያም ሆኖ አባቷ ሁለት ሳህን ጥርግ አድርጎ በልቶ፣ በላዩ አንድ ጆግ ውሃ ጠጥቶ፣ ቀበቶውን እያላላ ነበር የሚነሳው። ማን ይደርስባታል? ይቺ ቁልፍ ተካይ?

ከዚያ አክስትየዋ ለምሳ እንደምትመጣ ተነገረ። የአባቷ ታላቅ እህት ናት፤ ያለ እሷ ፈቃድ በዚያ ቤት መጋረጃ እንኳ አይቀየርም። አርብ ዕለት ስልክ ደወለች።

"ጨውም ለራሱ ሲል ይጣፍጣል ወንድሜ። እሁድ ቀምሼ እነግርሃለሁ። ካልሆነች አልሆነችም፣ በቃ።"

ልጅቱ ሰማች። ሐሳቡ የመጣላት ያኔ ነው።

እሁድ ጠዋት ሴትዮዋ የድንችና የሥጋ ሾርባ ጣደች። ካሮት ከተፈች፣ ቀመሰች፣ ደግማ ቀመሰች፣ ረክታ ፈገግ አለች። እሳቱን ቀንሳ ልብስ ልትቀይር ገባች።

"እንዳያርብኝ አንዴ እይልኝ፣ የኔ ቆንጆ።"

"እሺ፣ እርስዎ።"

ልጅቱ አንድ ማንኪያ ጨው ሞልታ ጨመረች። ቆም አለችና ደገመች። አማስላ ከደነችው። ልቧ እሰይ አለ።

ማዕድ ቀረበ። አክስትየዋ አንድ ማንኪያ ወሰደችና ዓይኗ ፈጠጠ። ሳህኑን አየች፣ ከዚያ ወንድሟን አየች። ማንኪያውን ቀስ ብላ አስቀመጠች።

ሴትዮዋ ስትቀምስ ፊቷ አመድ መሰለ።

"ውይ በሞትኩት! ምን ነክቶኝ ነው? እባካችሁ ተዉት፣ አትብሉት!" ሳህኖቹን ልታነሳ ብድግ አለች።

ልጅቱ ሳቋን ለመደበቅ አቀረቀረች። ጉድ ፈላ! ሠርጉም ቀረ፣ እንጀራ እናትም ቀረች።

አባትየው ግን ሳህኑን አልለቅም አለ። ሁለተኛ ጎረሰ። ሦስተኛ። ዓይኖቹ እንባ አቀረሩ። ለአንድ አፍታ ልጅቱ አዘነችለት፤ ጨውን እንደሆነ አብዝታዋለች።

"ተቀመጪ አንቺ" አላት ሴትዮዋን፣ በእጁ ጀርባ ዓይኑን እየጠረገ። ከዚያ ወደ ልጁ ዞረ።

"ቀመስሽው? ቁርጥ የእናትሽ እጅ!"