አጭሩ ሞላ

«እትዬ፣ አንቺው ምረጪልኝ» አለኝ ወንድሜ፣ በዘይት የጨቀየ እጁን ሱሪው ላይ እየጠረገ። ያን ሱሪ የሰፋሁት እኔ ነኝ፤ ደሜ ፈላ። ትንሿ ቀይ መኪናው የፊት ጎማዎቿ ወልቀው በክሪክ ተነስታለች። ዝቅ ካላልሽ ብሎ አስጨንቋታል። መኪና ሆዱ መሬት ሲነካ ምኑ እንደሚያምር እኔንጃ፣ የዘንድሮ ልጅ!

እናታችን ከሞተች ወዲህ ጫማውንም፣ ትምህርቱንም፣ ፀጉሩን የሚቆረጥበትንም ቤት የመረጥኩለት እኔ ነኝ። ጢም አብቅሎ እንኳ ሳይጠይቀኝ ካልሲ አይገዛም። እስከ ዛሬ ጩጬ ነው የምለው።

ባለጋራዡ ትዕግስተኛ ሽማግሌ ናቸው። መኪናዋን ዝቅ ለማድረግ ሦስት መንገድ እንዳለ አስረዱን፤ ያለውን ሞላ መቁረጥ፣ ተሠርቶ የመጣ አጭር ሞላ መግጠም፣ ወይም እየተጠመዘዘ ከፍና ዝቅ የሚል ሞላ ከነአሞርዛቶሩ፣ መሃሉ ካለው ንዝረት አብራጅ ቱቦ ጋር፣ መቀየር። «የቱንም ብትመርጡ መጀመሪያ የድሮው ይወጣል» አሉ።

«ምን ምርጫ ያስፈልገዋል? ረዘመ አይደል? ይቆረጣላ!» አልኩ። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ሱሪ ረዘመ ተብሎ አዲስ ሲገዛ አላየሁም።

«እህቴ፣ ብረት እንደ ጨርቅ አይደለም። የተቆረጠ ሞላ መንገድ ላይ እንደ ፌንጣ ያዘልላል።»

«ኧረ ይቁረጡት፣ ጋሼ!»

ጩጬም እንደ ልማዱ ራሱን ነቀነቀ። እኔ ካልኩ አለቀ።

ሽማግሌው የቀኙን ሞላ ከነአሞርዛቶሩ አውጥተው መሬት ላይ አቆሙት። ሁለት መንጠቆ ግራና ቀኝ አስነክሰው ሲያጠብቁ ሞላው እየጮኸ አጠረ። ጩጬ ተንበርክኮ ቱቦውን በሁለት እጁ ያዘላቸው። እሳቸው አናቱ ላይ ያለውን ብሎን መፍታት ሲጀምሩ፣ የኔ ጉደኛ ሊያይ ጎንበስ ብሎ አገጩን ከብረቱ በላይ አደረገው።

ሲጢጥ የሚል ድምፅ ሰማሁ። አንደኛው መንጠቆ በዛገው ብረት ላይ መንሸራተት ጀምሯል።

የሽማግሌው ፊት አመድ መሰለ። መንጠቆውን በመዳፋቸው ጨምድደው ያዙት። «ልጄ፣ እንዳትለቀው» አሉ ቀስ ብለው። «ከወደቀ ሞላው ተፈናጥሮ አለቀልን። ፊትህን ብቻ ወደ ጎን አድርግ።»

ጩጬ አልተንቀሳቀሰም። ዓይኑን ቀና አድርጎ እኔን አየ።

ወይ ጉዴ! በዚህ ሰዓት እንኳ ወዴት እንደሚዞር እኔ እንድነግረው ይጠብቃል። በሳሙና እያሸሁ ያሳደግኩት ፊት እዚያ ብረት ላይ ነው። ልሮጥ አልኩ፣ እግሬ እምቢ አለ። ልጮህ አልኩ፣ ደንግጦ ቢለቀውስ? መንጠቆው እንደገና ተንሸራተተ።

«ወደ እኔ» አልኩ። ድምፄን ራሴም አላወቅሁት። «ወደ እኔ በል፣ የኔ ጌታ።»

አንገቱን ከነትከሻው ወደ እኔ አዘነበለ። ያኔ ፈነዳ።

ሞላው ጣራውን መትቶ ተመለሰና የመኪናዋን መስታወት አደቀቀው። ዓይኔን ስገልጥ ጩጬ እግሬ ሥር ተዘርግቷል። ፊቱን በሁለት እጄ ዳበስኩት፤ ዓይኑን፣ አፍንጫውን፣ ጥርሱን። ሁሉም አለ። ሽማግሌው የተላጠ መዳፋቸውን በጨርቅ ይጠቀልላሉ።

«እትዬ» አለ። «እና... የቱ ይሻላል?»

የባሰ የፈራሁት ያን ጊዜ ነው። አንድ ቀን መንገድ ላይ ክፉ ነገር ሲመጣበት አጠገቡ ባልኖርስ? ዓይኑ ማንን ሊፈልግ ነው?

«አላውቅም» አልኩት። «አንተ ምረጥ።»

ገበያ መሃል እንደጠፋ ልጅ አየኝ። ልናገር ከንፈሬ ድረስ የመጣውን ቃል መልሼ ዋጥኩት። በመጨረሻ ወደ ሽማግሌው ዞረ።

«ጋሼ፣ ሰው ጭኜ በኮረኮንች ብሄድ የማያዘልለው የቱ ነው?»

«ተሠርቶ የመጣው አጭሩ። ግን ያሰብከውን ያህል ዝቅ አትልልህም።»

«ግድ የለም። እሱ ይሁን።»

«ጎሽ። ታዲያ አንዱን ብቻ መቀየር አይሆንም፤ የግራውም ይፈታል።»

ሽማግሌው የከዳቸውን መንጠቆ ወርውረው ከመደርደሪያው አዲስ አወረዱ። የግራውንም ሞላ አውጥተው፣ ማንም መያዝ እንዳያስፈልገው ከግድግዳው ብረት ጋር በሰንሰለት አሰሩት። መንጠቆው ሲነክሰው ያ ጩኸት ተመለሰ። ጩጬ ሊያይ ጠጋ፣ ደግሞም ጎንበስ አለ። «ራቅ በል» የሚለው ቃል ጥርሴ ሥር ደርሷል፤ አፌን በመዳፌ አፈንኩት። ብሎኑ መዞር ጀመረ።

ጩጬ ወደ እኔ አላየም። ቀና ብሎ መንጠቆውን አየና፣ ማንም ሳይነግረው ወደ ኋላ ፈቀቅ አለ።