በበረዶው ላይ የሚጽፈው

የዚያ ዓመት ዊንተር ለጉድ ነበር። ሚኒያፖሊስ ውስጥ ውሻ እንኳ ሲጮኽ አፉን በግማሽ ነበር የሚከፍተው፤ ቅንድቡን ያከከ ሰው ቅንድቡ እንደ ብርጭቆ ተሰብሮ እጁ ላይ ይቀር ነበር።

በዚህ ብርድ መሐል ነው እንግዲህ እትዬ ባየሽ እሑድ ከአምልኮ በኋላ ፍሮግታውን ሰፈር ባለችው ቤተ ክርስቲያን ተነሥታ፣ "ወገኖቼ፣ ሰይጣን ከመስኮቴ ሥር እየጻፈ ነው!" ያለችው።

እትዬ ባየሽ የምትኖረው ሐይቅ ዳር ባለ ፎቅ፣ ደመና የሚታከከው ከፍታ ላይ ነው። ስልኳን አውጥታ አሳየች። በረዶ የሆነው ሐይቅ ከዳር እስከ ዳር በእግር ዱካ ተስሎበታል፤ ክብ በክብ ውስጥ፣ ሐረግ በሐረግ ላይ፣ መሐሉ ላይ ኳስ ሜዳ የሚያህል አበባ።

"አዲስ በረዶ ይጥልና ያጠፋዋል፤ በማግስቱ ይኸው ሌላ! ቀትር ላይ አንድ ጥቁር ነገር ሲመላለስ ከላይ አይቻለሁ። ጉንዳን ነው የሚያህለው።"

"ሰው ቢሆንስ?" አለ አንዱ።

"የምን ሰው?" አለ ቶማስ። ቶማስ ታክሲ ነጂ ነው፤ ምላሱ ከመኪናው ይፈጥናል። "በዚህ ብርድ በነፃ የሚወጣ ሰው አለ? ማን ይከፍለዋል? ማን ያጨበጭብለታል? መሬት ላይ ቆሞ እሱ ራሱ እንኳ አያየውም! ገንዘብም ጭብጨባም የሌለው ሥራ የሰይጣን ነው።"

ነገሩ አሳማኝ ነበር። ጉባኤው አሜን አለ።

ፓስተር ሳህሉ ድምፁን ከፍ አደረገ። "ከመካከላችን ለጠላት ያደረ ካለ ከዚህች ቤት ይወጣል። ማን ይይዝልናል?"

ዐይን ሁሉ በሪሁን ላይ ዐረፈ። በሪሁን የቤተ ክርስቲያኗ ሽማግሌ፣ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ጠዋት ልጆቹን አድርሶ ከሰዓት እስኪመልሳቸው ሥራ የለውም። በዚህ አገር ያለው ዘመድ ደግሞ ይኸው ጉባኤ ብቻ ነው፤ የዳሩትም፣ ሲታመም ያስታመሙትም እነሱ ናቸው። እምቢ ማለት አይችልም።

ጉልበቱ ተንቀጠቀጠ። መንቀጥቀጡ ጎረቤት ግዛት ዊስኮንሲን ድረስ ተሰማ ቢባል የተጋነነው ትንሽ ነው።

"እስቲ ስልኩን" አለ። ፎቶውን አስጠግቶ አየው፤ አርቆ አየው። ዐይኑ እንባ አቀረረ።

"አይዞህ ወንድሜ" አለችው እትዬ ባየሽ። "የጌታ ስም ይበልጣል።"

"ላኪልኝ" አለ፣ ቃሉ እየተቆራረጠ። "ለማስረጃ።"

ቤት ሲገባ እራት አልበላም። እንቅልፍም እምቢ አለው።

"አንተ ሰውዬ፣ አልጋውን እኮ እያንቀጠቀጥክ ሳሎን ልታደርሰው ነው!" አለች ሚስቱ ሂሩት።

"ቢያዝስ?"

"ይያዛ! ለዚያ አይደል የምትሄደው?"

"ያባርሩታል እኮ።"

"ታዲያ ሰይጣንን ዲያቆን ያድርጉት?"

ማክሰኞ ቀትር ላይ በሪሁንና ቶማስ መኪና ውስጥ ሂተር ለኩሰው ሐይቁ ዳር አደፈጡ። እትዬ ባየሽ ከፎቋ ሆና በስልክ ትጠብቃለች። በሪሁን ማንም እንዳይመጣ በልቡ ይጸልያል።

"ገባ!" ብላ ጮኸች ስልኩ ውስጥ። "ጥቁሩ ነገር ገባ!"

እውነትም ፊቱን የሸፈነ አንድ ሰው በረዶው ላይ እየሄደ ነው።

"ሊሆን አይችልም" አለ በሪሁን በሹክሹክታ።

ቶማስ ክንዱን ይዞ ጎተተው። እየተንሸራተቱ፣ እየወደቁ፣ አንዱ ባንዱ ላይ እየተነባበሩ ደረሱ።

"በኢየሱስ ስም ቁም!"

ሰውየው ዞረ። እጁ ላይ ክንድ የሚያህል የሾለ ብረት አለ። በሪሁን በቂጡ ቁጭ አለ።

"ምን ሆናችኋል እናንተ?" አለ ሰውየው መሸፈኛውን ገልጦ። ኤዶሳ ነው፤ የቤተ ክርስቲያኗ ከበሮ መቺ። "በረዶውን በስቼ ዓሣ ላጠምድ ነው!"

"ዓሣ ይልልኛል!" ቶማስ ኮሌታውን ጨምድዶ አንባረቀ። "እጅ ከፍንጅ ተይዘህ? ከእንግዲህ ከበሮውን በሕልምህ ምታው! በደጃፋችን አታልፍም።"

ኤዶሳ ወደ በሪሁን ዞረ። "ጋሼ በሪሁን፣ እርስዎ እንኳ ይመኑኝ።"

በሪሁን ቁልቁል የኤዶሳን ጫማ አየ። ዝም ቢል ነገሩ ሁሉ እዚያው ያልቅ ነበር።

"እሱ አይደለም" አለ በመጨረሻ።

"እንዴት አወቁ?" አለ ቶማስ።

"የእሱ ጫማ ታንኳ ነው። የዚያኛው እግር ጠባብ ነው፤ ተረከዙንም አይጎትትም።"

ቶማስ ኤዶሳን ለቀቀው። ሽማግሌ ሲናገር ማን ይከራከራል?

ሳምንቱን ሙሉ እዚያው መኪና ውስጥ ተቀምጠው ጠበቁ። ሐይቁ እንደ አዲስ አንሶላ ነጭ ሆኖ ዋለ፣ ነጭ ሆኖ ሰነበተ።

እሑድ ፓስተር ሳህሉ በሪሁንን መድረክ ላይ አወጣው። "ወንድማችን ዲያብሎስን ከሐይቁ አባረረው!" ጭብጨባው ጣሪያውን ሊያነሣው ነበር። እልልታው ከከተማው ውጪ እስከ ዉድበሪ የደረሰ ይመስላል። ካፖርት አለበሱት፤ ፎቶ አነሡት፤ ቶማስ ብቻውን የአሥር ሰው ፉጨት አፏጨ። በሪሁን እጅ ነሣ። ፊቱ ግን አመድ ነበር።

"አሁንስ ምን ያስፈራሃል?" ሂሩት ወደ ጆሮው ተጠጋች። "አለቀ እኮ።"

"ማለቁን ነው የፈራሁት" አለ፣ ጥርሱ እየተንገጫገጨ።

ሰኞ ቀትር ላይ በሪሁን ብቻውን ወደ ሐይቁ ወረደ፤ ሽቅብ የእትዬ ባየሽን መስኮት አየና ኮፍያውን እስከ ዐይኑ ደፍቶ፣ እየተንቀጠቀጠ፣ እንደ ልማዱ ተረከዙን ሳይጎትት፣ ማንም ያልረገጠው በረዶ ላይ አንድ ትልቅ ጣዎስ መሣል ጀመረ።