የዜማ መርዶ

ሐምሌ 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ጋሼ እሸቱ ጥቁር ሸሚዛቸውን በካፖርት ሸፍነው፣ እንደ ወጉ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው፣ ሜልቦርን፣ ሴንት አልባንስ ሰፈር፣ የእህታቸውን የማንተግቦሽን በር አንኳኩ። ልጇ ዜማ የግሪክን ደሴቶች ስትጎበኝ ባሕር ከበላት ሦስት ቀን ሆኗታል፤ እናቲቱ ግን ገና መርዶ አልሰማችም።

ማንተግቦሽ ስልክ እያወራች ከፈተችላቸው።

«ምነው በጠዋቱ? ዜማ ናት፤ ስለ ነጫጮቹ ቤቶች እያወራችልኝ ነው!»

ጋሼ እሸቱ በልባቸው፦ ከግሪክ የደወሉልኝ ሰዎች ተሳስተው ይሆናል፤ አምላኬ፣ ምነው ተሳስተው በሆነ! አሉና ስልኩን ነጠቋት።

«ዜማዬ! አለሽ?»

«አለሁ ጋሼ፣ ወደቡ ጋ ነኝ። ከካፖርትዎ ስር ጥቁሩ ምንድን ነው? ለእማዬ የማንን መርዶ ይዘው መጡ?»

አስከሬኗ በአሥረኛው ቀን ሜልቦርን ገባ። ጋሼ እሸቱ ሣጥኑን አስከፍተው አዩ፤ ዜማ ነበረች።