የአምሐ ፊደሎች

«ተው! አንተ ሰውዬ፣ ተው!»

ፅጌረዳ የዲንሳን እጅ ከነማውሱ ጨምድዳ ያዘችው። ስክሪኑ ላይ የዲስኬቷ ሥዕል መንገድ ላይ ቆመች። ከፊቷ፣ ጥግ ላይ፣ ያ ትንሽ የቆሻሻ በርሚል አለ።

«እትዬ ፅጌ፣ ምን ሆኑ?»

«ወዴት ነው የምትወስዳት? ቅድም እዚያ ውስጥ ስትጥል አይቼሃለሁ እኮ!»

አይታለች። ዲንሳ ባሏ አምሐ ይሠራበት ከነበረው ድርጅት የተላከ ቴክኒሻን ነው፤ አምሐ ቤት አምጥቶ ይሠራበት የነበረውን ማኪንቶሽ ኮምፒውተር ሊወስድ ነው የመጣው። የሟቹ አርባ ከወጣ ገና ሳምንት አልሞላውም። ማሽኑ ጅማ ላለው ቅርንጫፍ ይላካል፣ ባዶውን ይምጣ ተብሏል።

ዲንሳ ግን «የጋሽ አምሐን ሥራማ እንዲሁ አላጠፋም» ብሎ ከኪሱ ሰማያዊ ዲስኬት አውጥቶ ማሽኑ ውስጥ ከተተ። አምሐ የሳላቸው ፊደሎች ያሉበትን ፎልደር በማውሱ ጎትቶ የዲስኬቷ ሥዕል ላይ ጣለው፤ ተገለበጠ። ከዚያ ዋናውን ፎልደር እንደዚያው ጎትቶ በርሚሉ ውስጥ ጨመረው። የበርሚሉ ሆድ ተነፋ። ባዶ እንዲሆን ሲያዘው ደግሞ ሟሸሸ። «አሁን እዚህ የለም» አላት። «ያለው ዲስኬቷ ላይ ብቻ ነው።»

ይህን ባለበት አፉ፣ ዲስኬቷን ራሷን ወደዚያው በርሚል ሊከት ነው።

«እትዬ፣ ይሄ ማጥፋት አይደለም፣ ማውጣት ነው። ከዚህ ማሽን ዲስኬት የሚወጣው እንዲህ ነው።»

«በቆሻሻ?»

«በቆሻሻ።»

«ቅድም የጣልከውስ የት ገባ?»

«እሱማ ጠፋ።»

«ይቺስ?»

«ይቺ ትወጣለች።»

ፊቱን አየችው። የሚያሾፍ ሰው ፊት አይደለም። ቢሆንም እጁን አልለቀቀችውም።

የአምሐ አባት ላስታ ውስጥ ብራና የሚጽፉ ቁም ጸሐፊ ነበሩ። የጻፉት ሁሉ በጦርነቱ ተቃጥሎ አንዲት የብራና ቅጠል ብቻ ተርፋለች። አምሐ ያቺን ቅጠል ከፊቱ አስቀምጦ የአባቱን እጅ ፊደል በፊደል ማሽኑ ላይ ሲስል ኖረ። «የኮምፒውተር ፊደል አጥንት የለውም» ይል ነበር። ታምሞ መቀመጥ ሲያቅተው ፅጌረዳ በትራስ ደግፋው የ«ፐ»ን እግር አስተካክሎ «በቃ፣ ጨረስኩ» አላት። በዚያ ፊደል አንድ ገጽ እንኳ ሳይታተም ሞተ። ቅጠሏንም ራስጌው አድርገው ከሱ ጋር ቀበሯት፤ እሱ ራሱ ነው እንዲያ ያለው።

«ቁልፍ የለውም? ተጭነው የሚያወጡት?» ጎንበስ ብላ የማሽኑን ፊት በጣቶቿ ዳበሰችው። ለስላሳ ፕላስቲክና አንድ ቀጭን ስንጥቅ፤ ሌላ ነገር የለም።

«የለውም። የሠሩት ሰዎች እንዲህ ይሻላል ብለው ነው።»

«ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው?»

ከውጭ የመኪና ጥሩምባ ጮኸ። ሹፌሩ ወጋየሁ ነው። «ዲንሳ! ፉሪ በኩል ሰማዩ ጠቁሯል! ዝናቡ ከቀደመን ይሄ ጭቃ አያስወጣንም!»

የጣራው አምፖል ደንገዝገዝ ብሎ ተመለሰ። ዲንሳ ቀና ብሎ አየው። «እትዬ፣ መብራቱ ሊሄድ ነው። ከሄደ አትወጣም፤ ማሽኑን ከነዲስኬቷ ተሸክሜው ልሄድ ነው።»

«አትወስዳትም!»

«እንግዲያው እርስዎ ያውጧት።» እጁን ከእጇ ስር ሳብ አድርጎ ከወንበሩ ተነሣ። «እኔ ካወጣኋት ዕድሜ ልክዎን ይጠረጥሩኛል።»

ፅጌረዳ ተቀመጠች። ማውሱ ላቧን ጠጥቶ ያንሸራትታል። ዲስኬቷን ያዘቻት፣ ሳበቻት፣ አመለጠቻት፤ እንደገና ያዘቻት። ሥዕሏ በርሚሉ ላይ ስትደርስ በርሚሉ ጠቆረ።

«አሁን ይልቀቋት።»

ጣቷ እምቢ አለ። አምሐ ያረፈ ለት ጠዋትም ከአልጋው አጠገብ እህቷ አረጋሽ ትከሻዋን ይዛ «ልቀቂው፣ ልቀቂው በቃ» ስትላት ክንዷ እንዲህ ነበር እምቢ ያለው። ያኔ ሴቶቹ ተጋግዘው አላቀቋት። አሁን የሚያላቅቃት የለም።

«እትዬ ፅጌ» አለ ዲንሳ ቀስ ብሎ።

ለቀቀች።

ሥዕሏ ጠፋች። በርሚሉ መልሶ ነጣ። ሌላ ምንም የለም።

«ገደልኩት» አለች። ድምፅዋ የሷ አይመስልም። «በገዛ እጄ...»

የማሽኑ ሆድ አጉረመረመ፤ ቀጭኗ ስንጥቅ የዲስኬቷን ጫፍ ገፍታ አወጣች። ፅጌረዳ በሁለት እጇ መንጭቃ ደረቷ ላይ ለጠፈቻት፤ ያን ጊዜ ነው እንባዋ የመጣው።

ወጋየሁ ጭቃ በጭቃ በሆነ ጫማው ገብቶ ማሽኑን እንደ በግ ጠቦት አቅፎ አነሣው። ዲንሳ ሽቦዎቹን ጠቀለለ። በሩ ጋ ሲደርስ ጠራችው።

«ዲንሳ፣ ፊደሎቹን ማየት ቢያምረኝ በምንድነው የማያቸው?»

ዲንሳ ማሽኑን ተሸክሞ የሚሄደውን የወጋየሁን ጀርባ አየ። «እንደዚህ ባለ...» ብሎ ጀመረና ተወው። «እግዜር ያጽናዎት፣ እትዬ» ብሎ ወጣ።

የመኪናው ድምፅ ወደ ላፍቶ አቅጣጫ እየራቀ ሄደ። ፅጌረዳ መስኮቱ ጋ ቆማ ዲስኬቷን አገላበጠቻት። የብረት ክዳኗን በአውራ ጣቷ ገፋ ስታደርገው ስስ፣ ቡናማ፣ የሚያብረቀርቅ ነገር አየች። ወደ ብርሃኑ አንሥታ አንድ ዓይኗን ጨፍና አየች። አዘንብላም አየች። የአንድ ፊደል እግር እንኳ አልታያትም። ጣቷ ሲደክም ብረቱ ራሱ ቀጭ ብሎ ተዘጋ።