ዐይን ጨፍኖ መወርወር

የሻው ዐይኑን ጨፍኖ ባለበት ዞረ፤ ዞረና ከአራት ቀጭን እንጨት የተጋጠመውን ካሬ ወረወረው። ካሬው መንገዱ ዳር፣ ድንጋዩ ላይ አረፈ። ገበሬዎቹ ሮጠው ከበቡት።

«አሁንም ባዶ» አለ የሻው።

ደብሪቱ ግራ ገባት። ቁልቁል ባለው ለጋ ጤፏ ውስጥ ኩብኩባው፣ ያ ክንፍ ያላወጣ የአንበጣ ግልገል፣ መሬቱን አጥቁሮታል። ጎንደር ድረስ በእግሯ ሄዳ የመንግሥቱን አንበጣ ቆጣሪ ያስመጣችው እሷ ናት። ቆጣሪው ደግሞ ታናሽ ወንድሟ ነው፤ እናታቸው በጣልያን ጊዜ ስትሞት አዝላ ያሳደገችው። በካሬው ውስጥ ኩብኩባ ከተገኘ የመንግሥት ማኪና በመርዝ የተለወሰ ፉርሽካ ያመጣል። ካልተገኘ አያመጣም።

ጠዋት ለሰዉ ሲያስረዳ ኮርታበት ነበር። «ቦታውን ዐይን ከመረጠው ቆጠራው ይዋሻል። ስለዚህ ጨፍኜ እዞራለሁ፤ የወደቀበት ይውደቅ።»

«ሸጋ ፍርድ ነው» አሉ ሽማግሌዎቹ። የጀመሩትን የኩብኩባ መቅበሪያ ቦይ ትተው የመጡትም እሷ «ወንድሜ ነው፣ እመኑት» ስላለቻቸው ነው።

ለመጨረሻ ጊዜ ሲዞር ውሃ ልታቀብለው በፊት ለፊቱ መጣች። ፊቱ ወደ እሷ ሲመለስ ዐይኖቹ ተገልጠዋል። ድንጋዩን አየ። ጨፈነ። ወረወረ።

ሰዉ ወደ ካሬው ሲሮጥ ክንዱን ያዘችው።

«ምነው የሻው? አየሁህ እኮ።»

«ቀስ በይ እታለም፣ ሰው ይሰማል።»

«ይስማ! ጤፌን ትናንት በእግርህ ረግጠህ አይተኸዋል።»

አንገቱን ደፋ። «ቀኛዝማች በላቸው መርዙ ንቦቼን ይፈጅብኛል አሉ። ቆጠራው ባዶ ከወጣ ልጃቸውን ስንዱን ሊድሩልኝ ነው። አንቺ አትራቢም፤ እህሉን እኔ አመጣልሻለሁ።»

«እኔ?» ወደ ገበሬዎቹ ዞረች። አያ ጎሹ ተንበርክኮ የካሬውን ውስጥ በመዳፉ ይዳብሳል፤ ያመለጠው ነገር ያለ መስሎታል። «እነዚህስ?»

የሻው ክንዱን ከእጇ አላቀቀ።

ዝም ብትል ወንድሟ ይተርፍላታል።

«አያ ጎሹ፣ በቃ ተወው» አለች። «አልጨፈነም።»

ሰዉ የሻውን አላየም፤ የሚያየው እሷን ነበር። ማንም አልሰደባትም፤ ቢሰድቧት ይሻላት ነበር። አያ ጎሹ ጉልበቱን አራግፎ ተነሣ። «ሌላ ቆጣሪ እስኪመጣ ኩብኩባው አይጠብቀንም» አለና መቆፈሪያውን አንሥቶ ቁልቁል ወረደ። ሌሎቹም ተከተሉት። እሷም ከኋላቸው ሄደች፤ ዞራ አላየችም።

ቦዩ ገና ከጉልበት አልጠለቀም ነበር። ኩብኩባው እንደ ጎርፍ መጥቶ ይወድቅበት ጀመር፤ አፈር ጫኑበት፤ ሌላ ወደቀ። ፀሐይ ሳታዘቀዝቅ ቦዩ ሞላ፤ ከኋላ የመጣው በወደቀው ጀርባ ላይ እየተራመደ ወደ ጤፉ ተሻገረ።